ድምፅ በጠርዝ ሲሄድ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ልጅ ማስተኛት ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመኪና ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። እሁድ እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ ባሕር ዛፉ መሐል ጆሯችሁ እፎይ ይላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከከተማው መራቃችሁ ነው። ዛፎቹስ ድምፅ ያስቀራሉ? መልሱ በአተካከላቸውም ይወሰናል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የስፔን ተመራማሪዎች ማድሪድ ውስጥ የሚገኘውን የኤውሴቢዮ ሴምፔሬን የብረት ቱቦ ሐውልት ለኩ። ቱቦዎቹ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት እኩል ተደርድረዋል። 1,670 ኸርዝ ገደማ ያለው ድምፅ በመሐላቸው ሲያልፍ በጣም ተዳከመ። የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱ የሞገዱ ግማሽ ሲሆን ከየረድፉ የሚመለሰው ድምፅ ይደጋገፋል፣ ወደ ፊት የሚሄደው ይከስማል። በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ በእኩል ርቀት የተተከሉ ዛፎችም ወፍራም ድምፅን እንደሚቀንሱ አሳየ።

እንዲህ ያለው አደራደር «የድምፅ ክሪስታል» ይባላል። አዲሱ ግኝት ግን ይበልጥ ይገርማል፤ ውስጡ ድምፅ የማያሳልፍ፣ ገጹ ግን የሚያሳልፍ ክሪስታል መሥራት ተችሏል። ተመራማሪዎች ከፕላስቲክ አትመው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያስጠጉታል፤ በማይክሮፎን ነጥብ በነጥብ ሲለኩ ውስጡ ጸጥ ብሎ ገጹ ላይ ድምፁ ይጓዛል። ማዕዘን ሲያጋጥመው ወደ ኋላ ሳይመለስ ዞሮ ይሄዳል፤ ትንሽ ጉድለትም አያቆመውም። ምሥጢሩ ቶፖሎጂ የሚባለው ሒሳብ ነው። በእርሱ ዓይን እጀታ ያለው ኩባያና የጣት ቀለበት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ቀዳዳ አላቸውና። ብትጨፈልቁትም ካልተቀደደ ቀዳዳው አይጠፋም። ይህን ሒሳብ ወደ ፊዚክስ ያመጡት ሳውለስ፣ ሃልዴንና ኮስተርሊትስ በ2016 ኖቤል ተሸልመዋል።

ለቤታችሁ ምን ይጠቅማል? እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ «ድምፅ ፈጽሞ አያስገባም» የሚለው አባባል እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ስትገዙ «የትኛውን ድምፅ? ቀጭኑን ወይስ ወፍራሙን?» በሉ። ከግድግዳው በፊትም የበርና የመስኮቱን ክፍተት ድፈኑ። በክረምት የግቢያችሁን አጥር ዳር ችግኝ ስትተክሉ፣ ቦታ ካላችሁ፣ በርከት ባሉ ረድፎች፣ በእኩል ርቀት ይሁን። ልጆቻችሁ ሜትሩን ይያዙላችሁ።