ሥራ ፈት የእንግሊዝኛ ቃላት

እንግሊዝኛውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው በአገራችን መጀመሪያ የሚሰማው ምክር “ቃላት አጥና” የሚል ነው። መጽሐፍ አዟሪዎች ከሚይዟቸው ቀጫጭን መጻሕፍት መካከል የቃላት መድብል አይጠፋም፤ የቴሌግራም ቻናሎች በየማለዳው አሥር አሥር ቃል ከነፍቺው ያድላሉ፤ ተማሪውም የደብተሩን ገጽ ለሁለት ከፍሎ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ደርድሮ ይሸመድዳል። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያማልላል። በቀን 10 ቃል በዓመት 3,650 ይሆናል፤ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በዚህ መንገድ የተጓዘ ልጅ ከ20 ሺህ በላይ ቃላት ይዞ ዩኒቨርሲቲ በገባ ነበር። በተግባር የምናየው ግን መማሪያ መጽሐፉን ሳይደናቀፍ ማንበብ፣ አንድ አንቀጽም አቃንቶ መጻፍ የሚቸግረው ብዙ ተማሪ ነው። ይህን ያየ መምህርም ወላጅም መፍትሔ ብሎ የሚያዘው ተጨማሪ የቃላት ዝርዝር ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሕመሙን ያባባሰው መድኃኒት ራሱ ነው የሚል ነው። የምንሸመድዳቸው ቃላት ተጠንተው የሚቀመጡ ሥራ ፈቶች ናቸው። ቃል የሚጸናው በተለያየ ንባብ ውስጥ ደጋግሞ ሲገኝ፣ ከአእምሮ ተፈልጎ ሲወጣና ሲጻፍበት ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቶቻችን ለዝርዝር የሚያውሉትን ጊዜ አብዛኛውን ለንባብና ለጽሑፍ ሊያዛውሩት ይገባል።

መጀመሪያ የትኞቹ ቃላት ይቅደሙ የሚለውን እንይ፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ እኩል አገልግሎት አይሰጡምና። በቅኝ ግዛት ዘመን ቤንጋል ውስጥ በትምህርት ሥራ የቆየው እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ 2,000 የሚጠጉ ዋና ዋና ቃላትን ለይቶ አሳተመ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሲቆጥሩት፣ በአንድ የትምህርት ጽሑፍ ውስጥ ካሉ 100 ቃላት ወደ 80 የሚሆኑት ከዚህ ዝርዝር የማይወጡ ሆነው ተገኙ። በኒውዚላንድ የምትሠራው አቭሪል ኮክስሄድ ደግሞ ከሰብአዊ ጥናት፣ ከንግድ፣ ከሕግና ከሳይንስ መስኮች የተሰበሰቡ 3.5 ሚሊዮን ቃል ያህል ርዝመት ያላቸው ጽሑፎችን መርምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ተጨማሪ 570 ቃላትን ከነእርባታቸው ለየች፤ እነዚህ ብቻቸውን ወደ 10 በመቶ የሚሆነውን ይሸፍናሉ። “ፋክተር”፣ “ፕሮሰስ”፣ “ፈንክሽን”፣ “ኮንሴፕት” የመሳሰሉት ናቸው፤ ባዮሎጂውም ኢኮኖሚክሱም ታሪኩም ያለ እነሱ አንድ ገጽ አይራመድም። የእኛ መድብሎች በአንጻሩ “ቶካቲቭ” ማለት የሚበቃበትን ቦታ “ሎኳሺየስ” በሚል ብርቅ ቃል ማስዋብ ይወዳሉ። ብርቅ ቃል ሲሰማ ያምራል፤ ተማሪው ግን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ዓመት ሙሉ ላያገኘው ይችላል። በየገጹ የሚያገኘውን ቃል ደግሞ በአንድ ፍቺ ብቻ አውቆት አልፏል።

ዝርዝሩ ትክክለኛዎቹን ቃላት የያዘ ቢሆን እንኳ ሽምደዳው በራሱ ብዙ ርቀት አይወስድም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን ራሱ እያጠና፣ ሰው ያጠናውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በላይ የሚያስተምረን ግን የአሜሪካ ተመራማሪዎቹ ጄፍሪ ካርፒኪ እና ሄንሪ ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2008 በ“ሳይንስ” መጽሔት ያወጡት ሙከራ ነው። ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከነእንግሊዝኛ ፍቺያቸው እንዲያጠኑ ተደረገ። አንድን ቃል አንዴ ካወቁት በኋላ ገሚሶቹ ያንኑ ቃል ከነፍቺው እየደጋገሙ ማንበብ ብቻ ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ግን ፍቺውን ሳያዩ ከራሳቸው እንዲያስታውሱ ደጋግመው ተጠየቁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደጋግመው የተጠየቁት 80 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ያልተጠየቁት የያዙት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው በጥናቱ ዕለት ምን ያህል እንደሚያስታውሱ እንዲገምቱ ሲጠየቁ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አለመታየቱ ነው። ዝርዝሩን እየደጋገመ የሚያነብ ተማሪ ያወቀ ይመስለዋል፤ ዓይኑ የለመደውን አእምሮው የያዘው አድርጎ ይቆጥራል። ሰነፍ ሳይሆን ለሰዓታት ደክሞ ባዶ እጁን የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም ሌላ ቃልን ማወቅ ማለት አንድ ፍቺ መያዝ ማለት አይደለም። አማርኛ የሚማር እንግዳ “ማንሳት” ማለት ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው ብሎ ቢሸመድድ ፎቶ ማንሳትን፣ ጥያቄ ማንሳትን፣ ማዕድ ማንሳትን፣ ጦር ማንሳትን በምን ያውቃል? የሚያውቀው እነዚህን ሁሉ በየቦታቸው ሲያገኛቸው ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፤ “ሚስቴክ” የሚለው ቃል “ሜክ” ከሚለው ግስ ጋር እንጂ “ዱ” ከሚለው ጋር እንደማይሄድ የሚነግር ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር የለም። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ይህን የተረዳ ሥራ ነበር፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ አማርኛውን በዚያው አገባብ ይሰጣል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የእኛ የቃላት መድብሎች ከዚያ ወደ ኋላ መመለሳቸው ሊያስቆጨን ይገባል።

“አባቶቻችን በሽምደዳ አይደለም ወይ የተማሩት?” የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። የቃል ትምህርት በዚህ አገር የከበረ ታሪክ እንዳለው የሚክድ የለም፤ ነገር ግን የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት እስከ መጨረሻው እንመልከተው። ዳዊት የሚደግመው ተማሪ የሚይዘው የተቆራረጠ ዝርዝር ሳይሆን የተያያዘ፣ በጸሎትና በአገልግሎት በየጊዜው የሚመለስበት ንባብ ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ የግእዝ ግስ ያጠናል፤ ግሱን ይዞ ግን አይቀመጥም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ ወደ ረዘሙት ይሸጋገራል። በዕለቱ የተማረውን ግስ ሥራ ላይ ማዋል የትምህርቱ አካል እንጂ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ አይደለም። ከአባቶቻችን የወረስነው ግማሹን ብቻ ነው፤ ግስ ማጥናቱን ወሰድን፣ መቁጠሩንና መታረሙን ተውን።

ንባብ ቃላትን እንደሚያስተምር የሚያሳይ፣ ለእኛ ሁኔታ የሚቀርብ ማስረጃም አለ። ፊጂ እንደ እኛ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ጀምረው ኋላ በእንግሊዝኛ የሚማሩባት አገር ናት። ተመራማሪዎቹ ዋርዊክ ኤሊ እና ፍራንሲስ ማንጉባይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በስምንት የገጠር ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ 380 የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች ሥዕል ያለባቸው ቀላል የእንግሊዝኛ ተረቶች አቀረቡ፤ በየክፍሉ 250 ያህል መጻሕፍት ገቡ፣ በየቀኑም የተወሰነ ጊዜ ለንባብ ተመደበ። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው ውጤት መሠረት እነዚህ ልጆች አንብቦና አዳምጦ በመረዳት በተለመደው ትምህርት ከሚገኘው በእጥፍ ፍጥነት ገሰገሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጥቅሙ ሰፍቶ ወደ ሌሎች የቋንቋ ክህሎቶች ተሻገረ። ማንም የቃላት ዝርዝር አልሰጣቸውም። አንድ ተረት ውስጥ ያገኙትን ቃል ሌላው ውስጥ በሌላ መልክ እያገኙት፣ ታሪኩን ለማወቅ ሲጓጉ ቃሉን ያዙት።

“መጻሕፍቱስ ከየት ይምጡ?” የሚለው ጥያቄ ከተቃውሞዎች ሁሉ ክብደት ያለው ነው። በአንድ ክፍል 60 እና 70 ተማሪ በሚታጨቅበት፣ የመማሪያ መጽሐፍ እንኳ ለሁሉም በማይዳረስበት ቦታ 250 ተረት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን የፊጂው ሙከራ ሁለት መልክ ነበረው። በአንደኛው ልጆቹ ለየራሳቸው በጸጥታ ያነቡ ነበር፤ በሁለተኛው መምህሩ አንድ መጽሐፍ ለክፍሉ በሙሉ ጮክ ብሎ እያነበበ አብረውት ይወያዩበትና መልሰው ያነቡት ነበር። ሁለተኛው ከአንድ ቅጂ ብዙ ተማሪ የሚጠቀምበት መንገድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተመሠረተው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ በእንግሊዝኛና በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች ታሪኮችን ማንም በነጻ እንዲያትምና እንዲያባዛ ፈቅዶ በኢንተርኔት አቅርቧል። ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን ወላጆች ለመድብልና ለማጠናከሪያ ትምህርት በየዓመቱ ከሚያወጡት የተለየ ተአምራዊ በጀት አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከፈተና ይመጣል፤ ብሔራዊ ፈተናው የቃላት ጥያቄ አለበት፣ ስለዚህ መሸምደድ ግድ ነው ይባላል። ጥያቄው መኖሩ እውነት ነው። ይሁንና ተማሪው እንግሊዝኛ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ አይደለም፤ የፊዚክሱም የጂኦግራፊውም ጥያቄ የቀረበለት በዚያው ቋንቋ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ቀመሩን ቢያውቅም ነጥቡን ያጣል፤ እዚያ የሚያድነው ብርቅ ቃል ሳይሆን ተራ ቃላትን በፍጥነት ማንበብ መቻል ነው። ፈታኞችም ቢሆኑ አካሄድ እየለወጡ ናቸው። የቃላት ሽምደዳ መለያው የነበረው የአሜሪካው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ የተቃራኒ ቃላት ጥያቄን እ.ኤ.አ. በ1994 አስቀርቷል፤ በ2016 ደግሞ ብርቅ ቃላት የሚፈተኑበትን የዐረፍተ ነገር ማሟያ ትቶ ቃልን በምንባብ ውስጥ ባለው አገባብ መጠየቅ ጀምሯል። የእኛም ፈታኞች ይህን ቢያደርጉ ክፍሎቻችን ይከተሏቸዋል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ካስገባ ወዲህ ደግሞ “ስልኩ እያለ ቃል ማጥናት ለምን?” የሚሉ አሉ። ስልክ ለአንድ እንግዳ ቃል ጥሩ ረዳት ነው። በየአምስተኛው ቃል የሚቆም አንባቢ ግን ፍቺውን ሲፈልግ የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋዋል፤ የፈተና አዳራሽም ሆነ የሥራ ቃለ መጠይቅ ስልክ አውጥቶ ለመፈለግ ጊዜ አይሰጥም።

ይህ ሁሉ ሲባል ቃላትን ሆን ብሎ ማጥናት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ስለ ቃላት ትምህርት በመጻፍ ስሙ የገነነው የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን ራሱ ለቋንቋው በቀጥታ ለሚደረግ ጥናት ከትምህርቱ ጊዜ ሩቡን ይፈቅዳል፤ የቀረውን ለማንበብና ለማዳመጥ፣ ለመናገርና ለመጻፍ፣ ያወቁትንም ለማቀላጠፍ ይከፋፍለዋል። ይኸው ሰው ልቦለድ ወይም ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 ቃላት ከነእርባታቸው እንደሚያስፈልጉ አስልቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሺህ በካርድ ጽፎ፣ ጀርባውን ሳያዩ ራስን እየጠየቁ መያዝ ይቻላል፤ ያም ይደገፋል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሺዎች ግን ማንም መምህር አንድ በአንድ ሊያስተምር አይችልም፤ ሰዓቱ አይበቃም። የሚመጡት ሳይቆጠሩ፣ በንባብ ብቻ ነው።

ለውጡ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። መምህሩ በሳምንት 50 ቃል ከሚያስጽፍ 10 ቃል መርጦ በሳምንቱና በወሩ መጨረሻ ፍቺውን ሳያሳይ ቢጠይቅ፣ በእያንዳንዳቸውም ተማሪው ስለሚያውቀው ነገር እንዲጽፍ አድርጎ ቢያርም የበለጠ ይቀራል። የባዮሎጂና የታሪክ መምህራንም የትምህርታቸውን ዋና ዋና ቃላት ማስነበብና ማስጻፍ የእንግሊዝኛ መምህሩ ዕዳ ብቻ እንዳልሆነ ሊቀበሉ ይገባል። ትምህርት ቢሮዎችም የሚቆጣጠሩትን ይቀይሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ መምህሩን ስንት ቃል እንዳስተማረ ከሚጠይቁት፣ ተማሪዎቹ ስንት ገጽ እንዳነበቡና ስንት ገጽ ጽፈው እንደታረሙ ይጠይቁት። በዚህ ጥያቄ የሚመዘን ትምህርት ቤት ዝርዝሩን ለብቻው ማሸምደዱን ማንም ሳያስገድደው ይተወዋል።