ለቤተ መጻሕፍታችን የአውሮፓ ገንዘብ እንጠይቅ፤ ግን ለየትኛው ሥራ?



ሰሞኑን በልብስ ማጠቢያው ክፍልም ሆነ በአውቶቡስ ፌርማታው የሚነሣው ወሬ አንድ ነው። የሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት የማታ ሰዓቱን ቀንሷል፣ የአማርኛው መደርደሪያ ሳስቷል፣ የልጆቹ መጻሕፍት ደግሞ ከመገላበጥ ብዛት ተገነጣጥለዋል። ታዲያ አንዳንዶቻችን «የአውሮፓ ኅብረት ለቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ይሰጣል አሉ፤ ለምን አንጠይቅም?» እያልን ነው። በበኩሌ መጠየቁን እደግፋለሁ። መጻሕፍት ግዙልን ብለን መጠየቁን ግን አልደግፍም።

ምክንያቴን ላስረዳ። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የስዊድን የቤተ መጻሕፍት ሕግ እያንዳንዱ ኮሙን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲኖረው ያዛል። መጽሐፍ መዋስ በነፃ ነው። ከዚህም በላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስዊድንኛ ያልሆነ ነዋሪዎች በተለይ እንዲታሰቡ ሕጉ በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ የአማርኛ መጽሐፍ መግዛትና በሩን ክፍት ማድረግ የኮሙኑ ግዴታ ነው ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ብራስልስ ድረስ ከሄድን ባለዕዳውን ራሳችን ነፃ ለቀቅነው! ስለ መጻሕፍቱ የሚጻፈው ደብዳቤ ለኮሙኑ የባህል ክፍል ይጻፍ፤ የሕጉም ስም ይጠቀስበት።

የአውሮፓው ገንዘብ ሌላ ነገር ነው። ለእኛ ዐይነቱ ቦታ ይመቻል የምለው ኤራስመስ ፕላስ የሚባለውን ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስም የምናውቀው ልጆቻችን ለአንድ ሴሚስተር ወደ ስፔን ወይም ወደ ጀርመን ሲሄዱበት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 ወደ 26 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበለት ይኸው ፕሮግራም የጎልማሶች ትምህርትንም ይጨምራል። በውስጡ «አነስተኛ አጋርነት» የሚባል ክፍል አለ፤ የተከፈተውም ከዚህ ቀደም አመልክተው ለማያውቁ ትንንሽ ድርጅቶች ተብሎ ነው። ገንዘቡ ቁርጥ ነው፤ 30,000 ዩሮ ወይም 60,000 ዩሮ። ሥራው ከ6 ወር እስከ 24 ወር ይቆያል። ቢያንስ ከሁለት አገሮች ሁለት ድርጅቶች አብረው ማመልከት አለባቸው። ቤተ መጻሕፍት ማመልከት ይችላል፣ በሕግ የተመዘገበ ማኅበርም ይችላል።

የክሪዬቲቭ ዩሮፕም ገንዘብ አለ የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። እዚያ ግን ለትንሹ ፕሮጀክት እንኳ ከሦስት አገሮች ሦስት ድርጅቶች ያስፈልጋሉ፣ ከወጪውም አንድ አምስተኛውን ራስ መሸፈን ግድ ነው። ለጊዜው እንተወው።

ታዲያ ምን ሥራ ይዘን እንቅረብ? እዚህ ላይ ነው ማሰብ ያለብን። በሠፈራችን ስንት እናቶችና አባቶች ናቸው የሐኪም ቀጠሮ ለመያዝ ወይም በባንክ መታወቂያ ለመግባት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ የሚጠብቁ? የባንክ ምስጢር ቁጥርን ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መስጠት ደግ ነገር አይደለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን እናደርገዋለን። በሌላ በኩል ልጆቹ ስልኩን ሲያሽከረክሩት ይውሉና አንድ የአማርኛ ገጽ አንብቡ ሲባሉ «ሀ ሁ»ው ላይ ይቆማሉ። እነዚህን ሁለት ወገኖች በሳምንት አንድ ማታ በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ እኮ ይቻላል! ልጁ ስልኩን ያስተምራል፣ አያት ፊደሉን ያስተምራሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ደግሞ የእኛን ዐይነት ጎልማሳ እንዴት እንደሚያስተምሩ ከሌላ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ልምድ ይለዋወጣሉ። የፕሮግራሙ ገንዘብ የሚፈልገው ይህን መሰሉን ሥራ ነው።

ልምዱ የለንም የሚል ካለ አልስማማም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በወጣትነታቸው ያስተማሩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ጎልማሳን ሳያሳፍሩ ማስተማር ምን እንደሆነ እነርሱ ከማንም ፕሮጀክት ጸሐፊ የተሻለ ያውቃሉ። ጠይቋቸው።

የውጭ አጋርን በተመለከተ ኦስሎን አስቡ። ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ባትሆንም በዚህ ፕሮግራም ትሳተፋለች፤ ዘመድ ወዳጅም እዚያ አለን፣ በባቡር ይደረሳል። ደግሞ ትልቁን ዋና ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን እንደ እኛው በከተማ ዳር ያለ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ብንፈልግ ይሻላል። ትልቅ ተቋም በእኛ ስም የራሱን ሥራ ይሠራበታል ብዬ እፈራለሁ።

ማመልከቻው ከ100 ነጥብ ይታረማል። 60 የማያገኝ ይወድቃል፤ በአራቱም መመዘኛዎች ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ማግኘት አለበት። ለዓላማው ተገቢነትና ለአሠራሩ 30፣ 30፤ ለአጋርነቱና ለሚያመጣው ለውጥ 20፣ 20 ነጥብ ተመድቧል። ስለዚህ «እኔ ልጻፍላችሁ፣ ገንዘቡ ሲመጣ ድርሻዬን እወስዳለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ በትሕትና እናሰናብተው። በቆንጆ ቃል ብቻ የተሞላ ወረቀት ነጥብ ቢያገኝ እንኳ ኋላ ሥራውን የምንሠራው እኛ ነን። በስዊድን ይህን የትምህርት ክፍል የሚያስተዳድረው የዩኒቨርሲቲዎችና የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ነው፤ ጥያቄ ካለን በቀጥታ እርሱን እንጠይቅ።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልበል። የማመልከቻው መዝጊያ በአብዛኛው በማርች ወር መጀመሪያ ሲሆን ሰዓቱ በብራስልስ አቆጣጠር 12፡00 ነው። ይህ እኩለ ቀን ነው እንጂ የእኛ የማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አይደለም! ያኔማ በሩ ከተዘጋ ስድስት ሰዓት አልፎታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ፊርማው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የኮሙኑ አካል ስለሆነ ኃላፊዋ ብትወድም ብቻዋን መፈረም ላትችል ትችላለች፤ ወረቀቱ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ሌላው አማራጭ ማኅበራችን አመልካች ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱ አጋር እንዲሆን ማድረግ ነው። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ሒሳብ ያዣችንም ከአሁኑ ይዘጋጁበት፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ሪፖርቱ ከታየ በኋላ ነው።

ገንዘቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የማክሰኞው ማታ ጠረጴዛ እንዳይነሣ ኮሙኑ ክፍሉንና አንድ ሠራተኛ እንደሚሰጥ ከወዲሁ በጽሑፍ ቃል ይግባ። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ አንዱ ለኮሙኑ ደብዳቤ፣ አንዱ ለኦስሎ፣ አንዱ ለማመልከቻው። ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ልጆቿን ዘወትር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የምታመጣ እናት ብትሆን እወዳለሁ።