የሚስትህ ዓይን ለምን ቀላ?



ከጥቂት ጊዜ በፊት ከባለቤቴ ጋር አንድ ወጣት ባልና ሚስት ልንጠይቅ ሄድን። እኅታችን በሩን ስትከፍትልን ዓይኖቿ ቀልተው አብጠው ነበር። በልቤ «ተጣልተዋል» ብዬ ደመደምኩ። ወንዶቹ ሳሎን ሲቀመጡ ተከትያት ወደ ጓሮ ሄድኩና፣ «እኅቴ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ንገሪኝ» አልኳት። እርሷ ግን ሳቀች። «ኧረ ምንም አልሆንም፤ እንጀራ እየጋገርኩ ነው፤ ጭሱ ነው» አለችኝ።

ማድ ቤቱ መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ቤት ነው። እርጥብ እንጨት ሦስት ጉልቻ ሥር ይጨሳል። ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃን ያስላል። ሳሎን ውስጥ ግን አዲስ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ያዘጋጀሁትን የዕርቅ ምክር ዋጥኩት።

ወገኖቼ፣ ጭስን ለምደነው እንጂ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና ነዳጅ ጭስ ሳቢያ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በለንደን ከተማ በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. የድንጋይ ከሰል ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ለቀናት ከተማዋን ሸፍኖ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በ1956 ሕግ ወጣ። ዛሬም በእንግሊዝ አገር ጭስ በተከለከለበት አካባቢ የሚኖር ሰው የተፈቀደለትን ምድጃና ማገዶ ካልተጠቀመ፣ ከጭስ ማውጫው ለሚወጣው ጭስ እስከ 300 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

እኛ ማድ ቤት ግን ተቆጣጣሪ አይመጣም። ታዲያ ሕግ የሚያወጣልን ማነው? ፍቅር ነው! እግዚአብሔር ለእስራኤል፣ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። የቤተ ሰባችን ደኅንነት መንፈሳዊ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም ባሎች ጸሎታቸው እንዳይከለከል ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ ይመክራል (1ኛ ጴጥ. 3፥7)። ወንድሜ፣ ማስተዋል ከማድ ቤት ይጀምራል።

ምን እናድርግ? እንጨቱን ፈልጣችሁ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ደርድራችሁ አድርቁ፤ የሚጨሰው ይበልጡን እርጥቡ ነው። ለማድ ቤቱ መስኮትና ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የጭስ ማውጫ አብጁለት። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። መብራት ያለውና አቅሙ የፈቀደለት ደግሞ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግር። ሕፃኑን አዝላችሁ አትጋግሩ፤ አባቱ ይያዘው። የከሰል ፍም ደግሞ ጭሱ ስለማይታይ አያታልላችሁ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ለብርድ ብላችሁ መኝታ ቤት አስገብታችሁ ከቶ አትተኙ።

እኅቶቼ፣ እናንተም «የሴት ወጉ ነው» እያላችሁ ዝም አትበሉ። እናቶቻችን በጭስ አሳድገውናል፤ ብዙዎቹም ሳሉን እስከ እርጅናቸው ተሸክመውታል። ዝምታ ሁሉ ትዕግሥት አይደለም።

ያን ቀን ባለቤቴ ወንድማችንን ይዞ ወደ ማድ ቤት ገባ። ሁለት ደቂቃ ሳይቆዩ ወንድማችን እያሳለ ወጣና ሚስቱን፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላት። በሦስት ዓመት ትዳራቸው ያን ጥያቄ የጠየቃት ያን ቀን ነበር። በሚቀጥለው ወር ስንሄድ ግድግዳው ተከፍቶ መስኮት ሆኗል፤ ደረቅ እንጨትም በጣሪያ ሥር ተደርድሯል።

ውድ ባሎች፣ በዚህ ሳምንት ሚስቶቻችሁ ሲጋግሩ አጠገባቸው ቁሙ። ከዚያ አብራችሁ ጸልዩ፤ ከጸሎቱ በኋላም መዶሻውን አንሡ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።