ሙሉ ሂሳብ ከፍለን ለምን «ትርፍ» እንባላለን?

በዚህ እትም ስለ ታክሲ ልጽፍ ነው። «ስለ ታክሲ ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ። ብዙዎቻችን ጠዋትና ማታ የምንውለው እዚያ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ላይ የሚያናድደው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ስልኩን ላውድ አድርጎ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ያሰማናል። አንዷ «ንፋስ ይመታኛል፣ መስኮቱን ዝጉት» ትላለች፤ ሌላው «ታፈንን እኮ፣ ክፈቱት» ይላል። መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ መገናኛ እንደርሳለን። ረዳቱ ደግሞ «ዝርዝር የለኝም» ይልና መልሳችን እዚያው ይቀራል። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሁሉ እንደ ትርፍ መቆጠሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ረዳቱ ተማሪ ሲያይ «ሚጡ ግቢ፣ ቦታ አለ!» ይላል። ስንገባ ቦታ የለም። «ጠጋ ጠጋ በሉላት፣ ልጅ ናት» ይባላል። ግማሻችን ወንበር ላይ፣ ግማሻችን አየር ላይ ሆነን እንሄዳለን። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ከታየ ደግሞ «ዝቅ በይ! ዝቅ በይ!» ይመጣል። ቦርሳችንን አቅፈን በሰው ጉልበት መሀል እንደበቃለን። ሂሳብ ሲሰበሰብ ግን «ልጅ ናት» የሚል የለም፤ ሙሉ ነው የምንከፍለው። ታዲያ ስንቀመጥ ግማሽ ሰው፣ ስንከፍል ሙሉ ሰው የሆንነው በየትኛው ስሌት ነው? የሒሳብ መምህራችን ይህችን ጥያቄ ቢሠሩልን ደስ ይለኛል።

«ረዳቱም ሠርቶ መብላት አለበት፣ ነዳጁም ተወዷል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ከንጋት እስከ ምሽት በር ላይ ተንጠልጥሎ መጣራት ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን ትርፍ መጫን የተከለከለው በምክንያት ነው። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ በደንብ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር አለው። ያጎነበሰ ልጅ ግን ፊቱ ያለው ከፊቱ ባለው ወንበር ብረት ላይ ነው።

መጨናነቁ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተናገርኩ። ከአያት በመገናኛ አድርጎ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር ከጥቅምት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የብዙ ሰው መጓጓዣ ነው። እሱም ሲሞላ እግር ማሳረፊያ የለውም፤ የሚወርደው ሳይወርድ የሚገባው ይጋፋል። ቢሆንም ትኬቴን ይዤ ከገባሁ ማንም «ተደበቂ» አይለኝም። መጨናነቅና መደበቅ ይለያያሉ።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ የሚታየኝ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በአንድ መስመር የምንሄድ ተማሪዎች አብረን እንውጣ። ብቻውን የቆመ ልጅ ሰልፍ ላይ በትልልቅ ሰዎች ይቀደማል፤ አምስት ሆነን ከቆምን ግን ተራችንን የሚነካ የለም። ወንበር ከሌለም በጨዋነት «የሚቀጥለውን እንጠብቃለን» እንበል።

ሁለተኛ፣ ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ትልልቅ ሰዎች፣ ልጅ ዝቅ በል ሲባል መስኮት መስኮቱን አትዩ። «ተወው፣ ልጁ ይቀመጥ» የምትል አንዲት ቃል ከእኛ አፍ ስትወጣ ንግግር አበዛችሁ ያስብለናል፤ ከእናንተ አፍ ስትወጣ ግን ትሰማለች።

ሦስተኛው ለመምህራኖቻችን ነው። ጠዋት ትርፍ የጫነውን ታክሲ እምቢ ብሎ ቀጣዩን የጠበቀ ልጅ 10 ደቂቃ ሊያረፍድ ይችላል። በሩ ደግሞ ይዘጋል። ስለዚህ ብዙ ልጅ በር እንዳይዘጋበት ብሎ አጎንብሶ ይመጣል። በታክሲ ችግር ያረፈደ ተማሪ ምክንያቱ ተሰምቶ የሚገባበት መንገድ ቢፈለግ፣ ቀና ብለን ተቀምጠን እንመጣለን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! እኛም ብንተባበር አንዲት ወንበር አታቅተንም። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል