ጀሪካን መሸከም ስፖርት ነው እንዴ?

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል። መጠይቁም የሥራውን ድካም፣ የእግር መንገዱንና ስፖርቱን ደምሮ ይቆጥራል። እሰይ! በዚህ ሂሳብ በቆቦ ሐሩር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ የምትመላለስ እህታችን ስፖርተኛ ናት። ወገቧን ግን የጠየቀ የለም።

የሥራ ድካም የስፖርትን ያህል ለልብ እንደማይበጅ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከጻፉ ቆይተዋል። እኛ የቆቦ ልጆች ይህን ለማወቅ ዴንማርክ መሄድ አላስፈለገንም፤ እናቶቻችንን አይተናል።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለመኪና ዘግታ ሕዝቡን ስታስሮጥ አጨበጨብን። እዚህ ግን ልጅቱ ከቀጠነች «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ?»፣ በቱታ ከሮጠች «ምን ነካት?» ነው። ጀሪካን ይዛ ብትሮጥ ማንም ዞር ብሎ አያያትም!

እናም አጥኚዎች ሆይ፣ ሸክሙን ከስፖርቱ ነጥላችሁ ቁጠሩልን። አስተዳደሩም ቧንቧውን ወደ ቤት ያቅርብ። ለሴቶቹም ሜዳ ይሰጥ፤ ወንዶቹ ኳሳቸውን ይዘው ትንሽ ጠጋ ይበሉ።