ቀለሙ አንድ፣ ገላው ሁለት

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ማታ፣ በአሜሪካ በቨርጂኒያ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታው አጭር፣ ድምፁም የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር። ምን እንደ ሆነ ስጠይቀው፣ ታናሽ ወንድሙ መኪና እንዳበላሸና ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ በአንድ ቤት እያደሩ ከሳምንት በላይ እንዳልተነጋገሩ ነገረኝ። እናታቸው ይህን ብትሰማ እንቅልፍ እንደማይወስዳት አውቃለሁና፣ ነገሩን ከሥሩ እንዲያስረዳኝ ለመንሁት።

መኪናዪቱ ሳተርን የምትባል ናት። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ ሳተርንን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በስፕሪንግ ሂል ከተማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ስሙን ጨርሶ ዘግቶታል። የፊተኞቹ ሳተርኖች ልዩ ጠባይ በሮቻቸውና ፓራፋንጎዎቻቸው ከላሜራ ሳይሆን ከፕላስቲክ መሠራታቸው ነው። የሌላ መኪና በር ቀስ ብሎ ቢነካቸው አይጎደጉዱም፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነውም ጨው አያዝጋቸውም። ኮፈኑ፣ ጣሪያውና የኋላው ክዳን ግን ብረት ናቸው። ሁሉም አንድ ቀለም ስለ ለበሱ፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው መኪናዪቱ ሁለንተናዋ አንድ ነገር ትመስላለች።

ታላቅየው ይህችን ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች መኪና በርካሽ ገዝቶ፣ በቅርቡ ለመጣው ወንድሙ ወደ ሥራ መሄጃ ትሁነው ብሎ አሰበ። ፀሓይ ያደበዘዘውን ቀለም ለማደስም በኤሌክትሪክ የሚዞር የፖሊሽ ማሽን ከጎረቤት ተዋሰ፤ ቅዳሜ ጧትም ሁለቱ አብረው ሥራ ጀመሩ። ታላቅየው ኮፈኑን ወልውሎ እንደ መስተዋት አበራው። ከዚህ በኋላ ማሽኑን ለወንድሙ ሰጥቶ፣ «አንተ ደግሞ ፓራፋንጎውን ልክ እኔ እንዳደረግሁት አድርግ» ብሎት ቡና ለማፍላት ወደ ቤት ገባ። ተመልሶ ሲወጣ ከጎማው በላይ ባለው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተቃጥሎ አልቆ፣ ፕላስቲኩ ፈጥጦ ይታይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ ልጅ አይሰማም፤ እጁ ችኩል ነው» አለኝ።

እኔም ሳልፈርድ በፊት ልጠይቅ ብዬ፣ በማግሥቱ በሰፈራችን ለረጅም ዘመን መኪና ሲቀቡ ወደ ኖሩ አንድ አዛውንት ሄድሁ። እሳቸው የነገሩኝን በትምህርት ቤት ስለ ሙቀት ከማስተምረው ጋራ አስተያይቼ የተረዳሁትን እነሆ ለእናንተም እጽፋለሁ። ፕላስቲክ በር ያለው መኪና በአገራችን ብዙ ባይታይም፣ የዛሬ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

በመጀመሪያ፣ ብዙ ሰው ፖሊሽ ቀለምን የሚያጠግብ ቅባት ይመስለዋል። ፖሊሽ ግን እጅግ በደቀቀ ሻካራ ዱቄት የላይኛውን ገጽ መፋቅ ነው። ጭረት የሚጠፋው ስለ ተሞላ ሳይሆን፣ በዙሪያው ያለው ገጽ ከጭረቱ እኩል ዝቅ ስላለ ነው። የዛሬ መኪና ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል የጠራ ሽፋን አለው፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ወደ 50 ማይክሮን ይጠጋል። ማይክሮን ማለት ሚሊሜትር ለ1,000 ሲከፈል ነው። የልጆቻችን ደብተር አንድ ቅጠል ወደ 100 ማይክሮን ገደማ ስለ ሆነ፣ ቀለሙን ከፀሓይ የሚጠብቀው ክሊር የአንዲት ቅጠል እኩሌታ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ የተፋቀው ተመልሶ አይበቅልም።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ሰውነቱ ብረት ሆኖ ሳለ እጀታው ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራው ለምን እንደ ሆነ እመቤቶች ሁሉ ያውቃሉ። ብረት ሙቀትን ከፕላስቲክ ይልቅ ከ100 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የማሽኑ ሰፍነግ ሲዞር ከሰበቃው የሚወለደው ሙቀት በኮፈኑ ላይ ወደ ሰፊው ብረት ፈጥኖ ይበተናል። በፕላስቲኩ ላይ ግን የሚሄድበት መንገድ ስለሌለው፣ በተወለደበት ስፍራ ከቀለሙ ጋራ ይከማቻል፤ ሽፋኑም ይለሰልስና በሰፍነጉ እየተላጠ ይሄዳል። እጅም ያታልላል፤ ፕላስቲክ ሙቀቱን ለመዳፋችንም ቶሎ ስለማይሰጥ፣ እኩል የጋለ ብረትና ፕላስቲክ ብንዳስስ ፕላስቲኩ የቀዘቀዘ ይመስለናል።

ሦስተኛ፣ ቀለም በጠርዝና በጉብታ ላይ ይሳሳል፤ የማሽኑም ጫና በዚያው በጠባቡ ስፍራ ይሰበሰባል። አራተኛ፣ የቀለም ቀቢዎች ተራ ውፍረት መለኪያ ከሥሩ ብረት ካላገኘ አይሠራም። ለፕላስቲክ በድምፅ ሞገድ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ያሻል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ በፕላስቲክ ላይ የሚሠራ ሰው፣ ምን ያህል ሽፋን እንደ ቀረው ሳያውቅ እንደሚፍቅ ሊያስብ ይገባዋል።

ታዲያ ፕላስቲክ ጨርሶ አይወልወል ማለት ነውን? አይደለም። አዛውንቱ እንዲህ መከሩኝ። መኪናው በጥላ ሥር ቆሞ፣ ቀዝቅዞና ታጥቦ ይደር። ፕላስቲክ ሲታሽ አቧራ ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ በየመካከሉ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ጠርዙና ጉብታው ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን። በአንድ ቦታ ከሚሽከረከረው ማሽን ይልቅ፣ እየዞረ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ሙቀቱ ያነሰ ስለ ሆነ እርሱ ይመረጥ። ሰፍነጉ ለስላሳ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ይሁን፤ እጅም አይጫን፣ ፕላስቲክ ሲጫኑት ይጎብጣልና። አስቀድሞ በማይታይ ትንሽ ስፍራ ይሞከር፤ ለብ ሲል ይቆም፣ ሲቀዘቅዝ ይቀጠል። ከዚህ በፊት ተቀብቶ የነበረ ፓራውልት ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨመር፤ ለፕላስቲክ የሚገባው ማያያዣ ቀለም ከሥሩ ካልተቀባ፣ ማሽን ሲነካው ላዩ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይነሣል። ጥልቅ ጭረት ቢቀር ይቅር፤ የቀረ ጭረት ከተቃጠለ ቀለም ይሻላል።

በዚያው ማታ ለታላቅየው ደወልሁለት።

«ወንድምህን ምን ብለህ ነበር ያዘዝኸው?» አልሁት።

«እንደ እኔ አድርግ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ!»

«እንግዲያስ ሰምቶሃል። ብረቱን በያዝኸው እጅ ዓይነት ፕላስቲኩን ያዘው። እንደ አንተ ባያደርግ ኖሮ ፓራፋንጎው በዳነ ነበር።»

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። እኔም ከላይ የጻፍሁትን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ዝምታውን ስሰማ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለአንዱ ተማሪ የበጀውን ተግሣጽ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ስለ ለበሱ ብቻ፣ ለሌላው እንዲሁ ሰጥቼ ያሰበርሁት ልጅ አለ። ያን ጊዜ እኔም «ይህ ልጅ አይሰማም» ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የደወለልኝ ታናሽየው ነበር። ወንድሙ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ሳላውቅ አዘዝሁህ» እንዳለው ነገረኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠርዙን ሁሉ በፕላስተር ሸፍነው፣ በሮቹን ቀስ ብለው አብረው ጨረሱ። የተቃጠለውን ስፍራ በትንሽ ብሩሽ ቀለም ነካኩት፤ ቀርቦ ላየው ሰው ዛሬም ይታያል። ታናሽየው በዚያችው መኪና ወደ ሥራው ይመላለሳል።

እናንተም ፓራውልታችሁን ለመወልወል ማሽን ያነሣውን ሠራተኛ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት፣ «ከዚህ ቀለም በታች ያለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን የሚያውቅ ከሆነ ሥራውን ስጡት፤ ለረዳቱ ልጅም ነግሮት እንደ ሆነ አረጋግጡ።