ጉርሻም ይበቃል

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ኢቃማ አይደለም። አሮጊትና ሽማግሌ ስለምንይዝ፣ ሰው እጃችን ላይ ስለሚሞትብን ልጆች ነው። ስንመጣ “ቤት ማጽዳት ነው” ተባልን። ከገባን በኋላ ግን አስታማሚ ሆነን ቀረን።

እኔ ቤይሩት ውስጥ አንዲት ቴታን ሦስት ዓመት ይዣለሁ። ካንሰር ነበረባት። ይህን ያወቅሁት ግን ልትሞት ሁለት ወር ሲቀራት ነው፤ እስከዚያ የተነገረኝ “ሆዷን ያማታል” ብቻ ነበር። መጨረሻ አካባቢ ምግብ እምቢ አለች። ልጇ ማዳም በስልክ “አብያት! ካልበላች ያንቺ ጥፋት ነው” ትለኛለች። እኔም እንደ አገራችን ጉርሻ ፍቅር ነው ብዬ፣ አፏን በማንኪያ እየከፈትኩ አጎርሳት ነበር። አንድ ቀን ሾርባው ትን አላትና ፊቷ ጠቆረ። ገደልኳት ብዬ ጮህኩ። ያን ቀን ተረፈች፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንኪያ ባየች ቁጥር ትፈራ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ በኋላ የማስታገሻ ሕክምና ነርስ ቤት ድረስ መምጣት ጀመረች። ይህ ሕክምና በሽታው የማይድን ሲሆን ሕመሙን፣ ትንፋሽ ማጠሩንና ጭንቀቱን የሚያቀል ነው። እዚህ ሊባኖስ ውስጥ ቤት ለቤት የሚሠሩ አሉ፤ በልሳም የሚባለው ድርጅት አንዱ ነው። ነርሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ቴታ የምትሞተው ስላልበላች ሳይሆን፣ ልትሞት ስለሆነ ምግብ እንዳስጠላት ነገረችኝ። ሰውነቷ ምግብ መፍጨት አቁሟል አለችኝ። ምነው ይህን ከሁለት ወር በፊት በነገሩኝ!

ያስተማረችኝ ብዙ አይደለም። ካልፈለገች አታስገድጃት፤ ከንፈሯንና አፏን በእርጥብ ጥጥ አርሺላት። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫት። ጉሮሮዋ ሲያንኮራፋ በጎን አስተኛት። የሕመም መድኃኒቷን ሐኪሙ በጻፈው ሰዓት ስጫት፣ እስክትጮህ አትጠብቂ። መልስ ባትሰጥም አናግሪያት፣ ልትሰማሽ ትችላለች። ይኼው ነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ግን የቴታን የመጨረሻ ሳምንታት ለወጠው።

አንዳንዶቻችሁ “እኛ ነርስ አይደለንም፣ ለምን እንማራለን? ከተማርን ሌላ ሥራ ይጨምሩብናል” ትላላችሁ። እውነት አላችሁ። ነርስ አይደለንም፣ መርፌ መውጋትም የእኛ ሥራ አይደለም፤ ብንታዘዝም እምቢ ማለት አለብን። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋው አጠገብ ያለችው ማን ናት? ማዳም ተኝታለች፣ ሐኪሙ ቤቱ ነው። ያለነው እኛ ነን። ስለዚህ በሽታው ምን እንደሆነና ምን እንደሚመጣ ለእኛም ይነገረን። ይህ ለሕመምተኛውም ለእኛም ነው።

ሌላው ፍርሃታችን ደግሞ ሰው ሲሞት “አንቺ ነሽ የገደልሽው” መባል ነው። እኔ ይህን ፈርቼ ደብተር ያዝኩ። መድኃኒት የሰጠሁበትን ሰዓት፣ የበላችውን፣ ለማዳም የደወልኩበትን ሁሉ ጻፍኩ። የመድኃኒት መጠን በቃል ሲነግሩኝ “በዋትስአፕ ጻፊልኝ” እላለሁ። እናንተም እንዲህ አድርጉ።

ዕረፍትም ጠይቁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኛ የሥራ ውል በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። “ሕመምተኛ አለ” ተብሎ ይህ አይቀርም፤ እንዲያውም ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታድር ሰው ነች ይበልጥ ማረፍ ያለባት። እንቅልፍ ያጣች ልጅ መድኃኒት ትሳሳታለች።

ቴታ ያረፈችው ጠዋት ላይ ነው። እጇ በእጄ ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ “አንሶላውን እጠቢ፣ ክፍሉን አጽጂ” ተባልኩ። ማታ ደግሞ ወደ ማን ቤት እንደምዛወር በስልክ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሦስት ዓመት ያጠብኳት፣ ያበጠርኳት ሴት ሞታ “እግዜር ያጥናሽ” ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። እሑድ ስንገናኝ ግን እናንተ ቡና አፍልታችሁ አስለቀሳችሁኝ። ያኔ ነው ልቤ የቀለለው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በእሑድ ስብሰባችን የማስታገሻ ሕክምና የምታውቅ ነርስ ጋብዘን አንድ ቀን ታስተምረን፤ የአማርኛ አስተርጓሚ እኔ እሆናለሁ። ሁለተኛ፣ ማንኛችንም የያዝነው ሰው ሲሞት፣ አገራችን እድር እንደሚያደርገው፣ ልቅሶ እንድረስ። መውጣት ለማትችለው እንደውልላት። ሟቹ ዘመዳችን አይደለም ይሉን ይሆናል። ያስታመመችው ግን እህታችን ናት።